አለሚቱ ያልተሳደበች ዕለት

ከመርሳ ወደ ሐራ በሚወስደው ኮረኮንች ላይ ሀስናን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ስሟን የማያውቅ እንኳ «ሳይክሏ» ይላታል፤ ሳይክሏ መጣች፣ ሳይክሏ ወረደች፣ ሳይክሏ ዛሬ ምን ሆና ዘገየች። ሻሿን ከአገጯ ሥር ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ታጥቃ፣ አቧራውን እያስነሳች ስትመጣ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ውሃ ቀጂዋ ሁሉ አንድ ነገር ሳይወረውርባት አያሳልፋትም። የሚወረወረው ድንጋይ አይደለም፤ ነገር ነው። በዚያ አገር ሰው የወደደውን ሰው ዝም ብሎ አያሳልፍም። ዝም የሚባል ባላንጣ ነው፤ ወይ ደግሞ ሐዘንተኛ።

ከሁሉም የባሰችው አለሚቱ ነበረች። አለሚቱ ከሐዲዱ ሥር፣ መንገዱ ወደ መርሳ ዳገት ከሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ ሸንኮራና ማንጎ ትሸጣለች። ሐዲዱ ባቡር የማይሄድበት ሐዲድ ነው፤ ፍየል ይተኛበታል። አለሚቱ ግን ድምጿ ራሱ ባቡር ነው፤ ሀስና ገና ብቅ ስትል ይጀምራል።

«አንቺ ወንዳወንድ! ደግሞ ከማን ሸሽተሽ ነው?»

«ሸሽቼ አይደለም፤ ባልሽን ልወስድ ነው የመጣሁ!» ትላለች ሀስና ፍሬን ሳትይዝ።

«ውሰጂው! ማንኮራፋቱን መርቄ እሰጥሻለሁ!»

አለሚቱ ክርስቲያን ናት፤ ሀስና እስላም። አለሚቱ ስትጾም ሀስና ስለ ወተትና ስለ ቅቤ እያወራች ታልፋለች። ሀስና ረመዳን ስትይዝ አለሚቱ ሸንኮራውን በጥርሷ ልጣ፣ ከመንገዱ መሐል ቆማ፣ ድምፅ እያሰማች ትመጠዋለች። «ኤዲያ! ይቺም ሴት ሆና!» እየተባባሉ ይለያያሉ። ከዚህ የበለጠ ወዳጅነት ሁለቱም አልነበራቸውም።

ሀስና ትምህርቷን ያቆመችው ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው። እናቷ ስትሞት ታናሽ እህቷ ኢብቲሳም ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች፤ አባታቸው ቀድሞ ሞቷል። የእናቷን ገላ ሲያጥቡ ሴቶቹ ማንቆርቆሪያውን በሀስና እጅ አስያዟት። እንዲህ ነው ደንቡ፤ ሴትን የሚያጥባት የቅርብ ሴቷ ናት፤ እናትን ልጅ፣ እህትን እህት። ሀስና ውሃውን አፈሰሰች፤ አንዲቷ አክስቷ «ቀስ አድርጊ፣ እንዳይበርዳት» አለቻት። ይህን ቃል ሀስና አልረሳችውም።

ከቀብር መልስ አጎታቸው አብዱሰመድ «ሕፃኗን ማን ይይዛታል?» ብሎ ሲጠይቅ ሰው ሁሉ ወደ ሀስና ተመለከተ። ሀስናም ደብተሯን አስቀመጠች። ማንም አላስገደዳትም፤ ማንም ደግሞ ተይ አላላትም። እንዲህ ያለ ነገር እንዲሁ ነው የሚሆነው።

ብስክሌቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወልድያ ላይ ፍፁም የሚባል አሰልጣኝ ሴቶች ልጆችን ለብስክሌት ውድድር በክለብ ይሰበስብ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ሀስና በተዋሰችው ብስክሌት ማንጎ ጭና የመርሳን ዳገት ስትወጣ አያትና «ይቺ ልጅ ሁለት ሳንባ አላት እንዴ?» ብሎ ጠየቀ ይላሉ። ብስክሌት ሰጣት። ደሴ ላይ ተወዳድራ ሁለተኛ ወጣች፤ ሜዳሊያውን ኢብቲሳም አንገቷ ላይ አጥልቃ ተኛች፤ ጠዋት ሲነሱ ጉንጯ ላይ ቅርፁ ታትሞ ነበር። ከዚያ ክለቡ ፈረሰ። ለምን እንደ ፈረሰ ለሀስና የነገራት የለም። ብስክሌቱ ግን እሷው ጋ ቀረ።

ፍፁም ደግሞ ሌላ ሥራ ጀመረ፤ ብስክሌት የሚነዱ ጎብኚዎችን መምራት።

«ፈረንጅ አስፋልት ጠግቧል» አላት። «የሚፈልገው ኮረኮንች ነው።»

«ኮረኮንች? ይሄን ድንጋይ?»

«ይሄንኑ ድንጋይ።»

ሀስና ሳቀች። እኛ አስፋልት አምጡልን ብለን እንጮሃለን፤ እነሱ ድንጋይ ፍለጋ በአውሮፕላን ይመጣሉ። ቢሆንም ፊት ፊት እየሄደች መንገዱን የምታስስለት እሷ ሆነች። የትኛው ወንዝ ሲሞላ እንደማያሻግር፣ የቱ ጋ እሾህ ጎማ እንደሚበሳ፣ የትኛው ዳገት ላይ ወርዶ መግፋት እንደሚሻል አየች። ከወልድያ ተነስተው ወደ ሐራ ይወርዳሉ፤ ከሐራ በሐዲዱ ጥግ ባለው ጠጠር መንገድ ወደ መርሳ ይዘልቃሉ፤ ዳና ደርሰው የድሮዎቹን ዑለማዎች አገር ያያሉ፤ ከዚያ በኮረብታው ላይ ለላይ ወደ ውርጌሳ። ጎብኚዎቹ መጡ፤ ፎቶ አነሱ፤ አለሚቱንም አነሷት፤ አለሚቱም በአማርኛ ሰደበቻቸው፤ እነሱም አመሰገኗት። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ፍፁም እንደ ወጣ ቀረ። ጎብኚም አልተመለሰም። ከዚያ ሁሉ ዕቅድ የተረፈው ሀስና እግር ውስጥ ያለው መንገድ ብቻ ነው።

አግብታም ነበር። ባሏ «ወይ እኔን ወይ ብረቱን ምረጪ» አላትና ብረቱን መረጠች ይላል ሰው፤ ይሳቅበታልም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሰውየው ያላት «ወይ እኔን ወይ ልጅቷን» ነው። ኢብቲሳም ያኔ ስኳር ይዟት ነበርና በቀን በቀን መርፌ የምትወጋ ልጅ ቤቴ አላኖርም አለ። ሀስና ለማንም አላስተባበለችም። ኢብቲሳም ከምትሰማ ብረቱ ስሙ ቢነሣ ይሻላል ብላ ነው።

ኢብቲሳምም ምስጢሩን ሳታውቅ ብስክሌቱን «ሙሽራው» እያለች ትጠራው ነበር። ሀስና ካቴናውን ዘይት ስትቀባ «ሙሽራው ቁርሱን በላ?» ትላለች። ሲቆሽሽ «ሙሽራሽን እጠቢው እንጂ፣ ምቀኛ ያያል!» ትላለች። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ትምህርቷ ላይ ጎበዝ ነበረች። ሀስና ያቆመችበትን ሰባተኛ ክፍል ያለፈች ቀን ሀስና ከቤት ወጥታ ለብቻዋ አልቅሳለች።

መድኃኒቱ የሚገኘው እዚያው እነሱ በሚኖሩበት መርሳ ነበር። መንገድ ሲዘጋ ግን አይመጣም፤ መንገድ ደግሞ ይዘጋል። በዚያ ሰሞንም ተዘጋ። መኪና፣ ባጃጅ፣ ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ተባለ፤ ስልኩም ኔትወርክ አጣ። የመርሳ መድኃኒት ቤቶች ባዶ መደርደሪያቸውን አሳዩ። ኢብቲሳም ለእህቷ ሳትነግር መርፌውን ማሳነስ ጀምራ ኖሯል፤ እንዲበረክት ብላ። ሀስና ያወቀችው ልጅቷ ውሃ አልጠግብ ብላ፣ የጠጣችውን እያስመለሰች፣ ትንፋሿ እንደ በሰበሰ ፍሬ መሽተት ሲጀምር ነው።

ጤና ጣቢያ ወሰዷት። «ወልድያ ነው መሄድ ያለባት» አሏቸው። በምን? ሰዎቹ በቃሬዛ ተሸክመን እንሂድ አሉ፤ ተኩስ ስላለ አስፋልቱን የደፈረ ጠፋ። በመጨረሻ አጎቷ አብዱሰመድ ሀስናን አያት።

«መድኃኒቱ ወደሷ ይምጣ እንጂ» አለ። «በኮረኮንቹ ማን ያቆምሻል?»

ሱብሂ ሰግዳ ተነሣች። ስልኳን ከጤና ጣቢያ ተመልሳ እቤት በተኛችው በኢብቲሳም ራስጌ አስቀመጠችው፤ ኔትወርኩ ድንገት ከመጣ ሐኪም እንዲጠሩበት። ኢብቲሳም ዓይኗን በግድ ገልጣ «ሙሽራውን... አታድክሚው» አለች።

«እሱ ይቻለዋል። አንቺ ብቻ አብሽሪ።»

ዳገቱን ቁልቁል ስትበር አለሚቱ ሸንኮራዋን ገና እያወረደች ነበር።

«በዚህ በጠዋት! ሰይጣን እንኳ ፊቱን ሳይታጠብ!»

«ኢብቲሳም ታማብኛለች!»

«ታዲያ ምን ትንቀረፈፊያለሽ? ፍጠኚ እንጂ፣ አንቺ ኤሊ!»

ሀስና በዚያ ስድብ ጉልበት አገኘች። ሐዲዱን ተከትላ ወደ ሐራ ስትቃረብ አባባ አብዱልጀሊል ከብታቸውን የሚያጠጡበት ገንዳ ጋ ቆመዋል። ሽማግሌው ሁልጊዜ የሚሏት አንድ ነገር ነው።

«ልጄ፣ ወልድያ እኮ ሩቅ ናት፤ ተመለሺ!»

«ሩቅ የነበረች አንቱ በሄዱ ጊዜ ነው፣ አባባ!»

ሽማግሌው ከዘራቸውን እያወዛወዙ ሳቁ።

ወልድያ ላይ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ተንከራተተች። ኔትወርክ እዚያም አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት ባለሙያ ኢንሱሊኑን አገኘችላት፤ ሀስና በያዘችው ፔርሙዝ ውስጥ በረዶ ጨምራ፣ መድኃኒቱን በላስቲክ ጠቅልላ ከተተችላት። «በረዶው ሳይቀልጥ ድረሺ» አለቻት። ሀስና ከዚህ በኋላ ያሰበችው በረዶውን ብቻ ነው። ወርዳ መግፋት በሚገባት ቦታ እንኳ አልወረደችም፤ ጥርሷን ነክሳ ወጣችው።

ሐራን አልፋ ገንዳው ጋ ስትደርስ አባባ አብዱልጀሊል መንገዱ መሐል ቆመው ከዘራቸውን አግድም ይዘዋል።

«ውረጂ፣ ልጄ።»

«አባባ፣ ዛሬን ይማሩኝ። መድኃኒት ይዣለሁ፤ በረዶው ይቀልጥብኛል።»

«ወላሂ፣ እህል ሳትቀምሺ አታልፊም!»

ሽማግሌ ወላሂ ካለ ረግጦት አይታለፍም። ሀስና ወረደች። ፔርሙዙን ተቀብለው ራሳቸው ከጥላው ሥር፣ ከውሃው እንስራ ጎን አስቀመጡላት። ዙሁር ስገጂ አሏት፤ ሰገደች። ምግብ ቀረበ፤ በላች። ባለቤታቸው ውሃ ሲያስታጥቧት ዓይናቸውን ከእጇ ላይ አላነሡም። ተነሣሁ ስትል ሽማግሌው ዱዓ ጀመሩ። ረጅም ዱዓ ነበር፤ ለሕመምተኛ፣ ለመንገደኛ፣ ለወላጅ አልባ፣ ደግሞም ለሁሉም ሙስሊም። በዱዓ መሐል ተነሥቶ የሚሄድ ሰው የለም።

«አሁንስ ልሂድ አባባ፤ ሩቅ ነው።»

«ምን ሩቅ ነው፤ መርሳ እኮ ቅርብ ናት» አሉ ሽማግሌው። «ፀሐዩ ይብረድልሽ። አትቸኩይ። የሚሸኝሽ ሰው ይምጣ።»

ሀስና ገረማት። ዕድሜ ልካቸውን ሩቅ ነው ተመለሺ ሲሏት የኖሩ ሰው ዛሬ ቅርብ ነው አሉ። አርጅተዋል ብላ አሰበች። ችግሬን አይተው አዘኑልኝ ብላም አሰበች፤ እንዲያውም ደስ አላት፤ ሰው አለኝ ብላ። ጥላው ግን ከገንዳው ወዲያ ማዶ ዘልቆ ነበር።

«በእግሩ ማን ደርሶብኝ ይሸኘኛል?» ብላ ፔርሙዙን አንሥታ ሄደች። ዞር ብላ ስታይ ሽማግሌው በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ቆመዋል።

ሐዲዱን ይዛ ስትገሰግስ እንደ ወትሮው የሚጣራት አልነበረም። የሚያርሰው ሰውዬ በሬዎቹን አቁሞ አያት፤ ነገር አልወረወረም። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ጥግ ያዙላት። ሀስና ድካም ነው ብላ፣ ጊዜው ክፉ ነው ብላ አለፈች። የመታጠፊያው ቦታ ሲቃረብ ግን ሳታውቀው ፍሬን ያዝ አደረገች። የአለሚቱን ድምፅ እየጠበቀች ነበር።

ድምፅ የለም።

አለሚቱ ሸንኮራዋን ትታ መንገዱ መሐል ቆማለች።

«ሀስናዬ» አለች። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ እህቴ።»

ሀስና በዚያ መንገድ ላይ በተመላለሰችበት ዘመን ሁሉ ከአለሚቱ አፍ «እህቴ» የሚል ቃል ሰምታ አታውቅም።

«ምነው፣ አፍሽን ማን ሰፋው ዛሬ?»

«ደክሞሻል። ውረጂ፣ ትንሽ አረፍ በይ። ሸንኮራ ልላጥልሽ።»

«አንቺ? ሳትሸጪ? ዛሬ ሰማይ ሊወድቅ ነው።»

አለሚቱ አልሳቀችም። ጠጋ ብላ የብስክሌቱን መሪ በሁለት እጇ ያዘች። ያኔ ጉያዋ ውስጥ ስልክ ጮኸ። አለሚቱ ሳታየው አጠፋችው።

«ኔትወርክ መጥቷል?»

«አሁን... አሁን ነው የመጣ።»

ሀስና አየቻት። የአባባ አብዱልጀሊል ዱዓ፣ የሴትዮዋ ያልተነሣ ዓይን፣ የቆሙት በሬዎች፣ አንድ ባንድ መጡባት።

«ስደቢኝ» አለች።

«ምን?»

«ስደቢኝ፣ አለሚቱ። ጠዋት ኤሊ ብለሽኝ አልነበረም? አሁንም ኤሊ በይኝ።»

አለሚቱ አፏን ከፈተች። «አንቺ» አለች። «አንቺ ወንዳ...» ቃሉ እምቢ አላት። ፊቷን ወደ ሐዲዱ አዞረች።

መርዶ በመንገድ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። እቤቱ እያለ፣ ወገን ከቦት፣ የሚወድቅበትን ቦታ አዘጋጅቶ ነው የሚነገር። ይህን ሀስናም ታውቃለች፤ እሷም ስንቱን መንገደኛ «ሰላም ነው፣ ሁሉም ደህና ነው» ብላ አሳልፋለች። ስለዚህ ሞተች ወይ ብላ አልጠየቀችም።

«አጠቧት?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ የናንተን ደንብ ምን አውቄ!» አለሚቱ አለቀሰች። «አጎትሽ ደወለ። በብረቱ ላይ እያለች እንዳትሰማ፣ ገደል ትገባለች፣ ሴቶች ልከናል፣ እስኪደርሱ ያዟት አለ። ሽማግሌውንም እንዲሁ ብሏቸዋል። ማርያምን፣ ክፉ አስበን አይደለም፣ ሀስና!»

«አውቃለሁ። መሪውን ልቀቂ።»

አለሚቱ ለቀቀች።

ያ ዳገት ጎብኚዎቹ ሁሉ ወርደው የሚገፉበት ዳገት ነው። ሀስና ከኮርቻው ብድግ ብላ ወጣችው። አልቅሳ እንደሆን ሰው አላየም፤ አቧራና ላብ ፊቷን ሸፍኖት ነበር። መንገድ ላይ ሊቀበሏት የተላኩት ሴቶች በእግራቸው ሲወርዱ አገኘቻቸው። ጎረቤቷ ናጅዋ ፊት ፊት ነበረች። ብስክሌቱን ስታይ «ቁሚ! ሀስና፣ ስለ አላህ ቁሚ!» እያለች እጇን ዘረጋች። ሀስና በመሐላቸው አለፈች። ከኋላዋ ጩኸታቸው ተነሣ።

ቤት ስትደርስ ግቢው በሴት ተሞልቷል፤ ወንድ የለም። የአስርን ሶላት ሰግደው ጀናዛውን ይዘው ወጥተዋል። ከቤቱ ጀርባ መሬቱ እርጥብ ነበር፤ ውሃው ገና ሰርጎ አላለቀም። ማንቆርቆሪያው አፉን ደፍቶ ጭቃው ላይ ተጋድሟል። ሀስና ብስክሌቱን ለቀቀችው፤ ወደቀ። ከእርጥቡ መሬት ጎን ተቀመጠች።

ማን እንዳጠባት ጠየቀች፤ ነገሯት። ውሃው ሞቅ ያለ ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ሞቅ ያለ ነበር» አለች አንዷ። እውነት ይሁን ማጽናኛ ሀስና እስከ ዛሬ አታውቅም።

ኢብቲሳም የሞተችው ረፋድ ላይ ነው፤ ሀስና ወልድያ ውስጥ ስትንከራተት። መድኃኒቱ በምንም አይደርስም ነበር። ገላዋን ለማጠብ ግን ይደረስ ነበር። አባባ አብዱልጀሊል ጥላ ሥር ዱዓ ሲደረግ፣ እዚህ ውሃ ይሞቅ ነበር።

አጎቷ ከመቃብር ሲመለስ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ለምን አስያዝከኝ?» አለችው።

«እንዳትወድቂብን።»

«ታዲያ እሷን ለምን አላቆያችኋትም?»

«ጀናዛ አይቆይም፣ ልጄ። ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። መርዶ በመንገድ አይነገርም፤ ጀናዛም አይቆይም። ሁለቱም ልክ ናቸው። በሁለቱ ልክ መሐል የወደቀችው እሷ ብቻ ናት፤ የሚከሰስ ሰው የለም። ምሽት ላይ ናጅዋ ፔርሙዙን ከብስክሌቱ ላይ አውርዳ ስትከፍተው በረዶው ሙሉ በሙሉ አልቀለጠም ነበር። ሽማግሌው ከእንስራው ጎን በደንብ አስቀምጠውላታል።

መድኃኒቱ ለጤና ጣቢያው ተሰጠ። ስኳር ያለበት ሌላም ሰው አለ። መንገድ እንደገና ሲዘጋ ደግሞ ሰዎች ደጇ መጥተው «ትሄጂልን ይሆን?» አሏት፤ ኮረኮንቹን የሚያውቅ ሌላ የለምና ሄደች። አሁንም ትሄዳለች። ካቴናውን ዘይት ስትቀባ ግን ቁርሱን የሚጠይቅ የለም።

አለሚቱ ብዙ ጊዜ ዝም አለቻት። ሀስና ስታልፍ ብድግ ትላለች፤ «እንዴት አደርሽ» ትላለች። አንድ ቀን ሀስና ብስክሌቱን አቆመች።

«ካልሰደብሽኝ በዚህ መንገድ አላልፍም» አለቻት።

«እንዴት ብዬ?»

«እንደ ድሮሽ።»

አለሚቱ ጀመረች። መጀመሪያ ላይ የሰው ቃል እንደምትደግም ሆና ነበር፤ እየዋለ ሲያድር ድምጿ ተመለሰ። አሁን ሀስና ከሐራ ስትመለስ መታጠፊያው ሳይታይ ፍሬን ትይዛለች። «አንቺ ወንዳወንድ!» የሚለው ድምፅ እስኪመጣ ድረስ እግሯ ፔዳሉን አይገፋም። ሲመጣ መልስ አትሰጥም፤ እጇን ብቻ አንሥታ ዳገቱን ትጀምራለች።

አለሚቱ ገበያ ወርዳ ቦታዋ ባዶ የሆነ ዕለት ሀስና ሐዲዱ ዳር አንድ እግሯን መሬት አስነክታ ትቆማለች። ቤት የሚጠብቃት እንደሌለ ታውቃለች፤ ከእንግዲህ የሚሞትባትም የለም። ቢሆንም ትቆማለች።